ሁለቱ እስክንድሮች፦ የ1956ቱ የሆሊውድ ፊልም እንደ ታሪክ ሰነድ

ታላቁ እስክንድር በ356 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ከዚህ በኋላ ቅ.ል.ክ.) በመቄዶንያ ተወልዶ፣ በ323 ቅ.ል.ክ. ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በባቢሎን ሲሞት፣ ከግሪክ ምድር እስከ ሕንድ ወንዞች የተዘረጋ ግዛትና ከግዛቱ የማያንስ ከባድ ጥያቄ ለኋለኛው ትውልድ ትቶ አለፈ። ጥያቄው ይህ ሰው አባቱ አሠልጥኖ ያቆየለትን ጦር ይዞ አገር ያቃጠለ ድል አድራጊ ነበር ወይስ ልዩ ልዩ ሕዝቦችን በአንድ ማዕድ ለማስቀመጥ የተነሣ ባለ ራእይ የሚል ሲሆን፣ ከጥንት ጸሐፊዎች ጀምሮ እያንዳንዱ ዘመን እንደ ፍላጎቱ የየራሱን መልስ ሲሰጥበት ኖሯል። በ1956 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ለተመልካች የቀረበው «ታላቁ እስክንድር» የተሰኘ የሆሊውድ ፊልም ሁለቱንም መልሶች አጣምሮ ለመስጠት ሞክሮ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ሥራ ነው። ስንጥቁ በአንድ ሰው ድክመት ብቻ የመጣ ባለመሆኑ፣ ይልቁንም የጥንት ምንጮቹ፣ የፊልም ኢንዱስትሪው፣ የዘመኑ ፖለቲካና የዳይሬክተሩ ሕይወት በየተራ አሻራቸውን ያሳረፉበት በመሆኑ፣ የፊልሙ ጉድለት ራሱ ሊነበብ የሚገባው የታሪክ ሰነድ ሆኗል።

ከዜና መዋዕል ወደ አፈ ታሪክ

እስክንድርን በዐይናቸው ያዩት ሰዎች የጻፏቸው ታሪኮች በሙሉ መልካቸው አልደረሱም። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ካሊስቴንስ፣ ከጦር አዛዦቹ አንዱ ሆኖ በኋላ ግብፅን የገዛው በጥሊሞስ፣ እንዲሁም በዘመቻው አብሮ የተጓዘው አሪስቶቡሎስ ያዘጋጇቸው መጻሕፍት ሁሉ ጠፍተው፣ ይዘታቸው የሚታወቀው ኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች ከጠቀሱት ብቻ ነው። ከእነዚህም መካከል ዋናዎቹ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የኖረው ዲዮዶሮስ፣ በሮማውያን ዘመን የጻፉት ኩርቲዮስ ሩፎስና ፕሉታርክ፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ደግሞ በጥሊሞስንና አሪስቶቡሎስን መሠረት አድርጎ የጻፈው አሪያን ናቸው።

እነዚህ ጸሐፊዎች ካቆዩት ውስጥ ሁለት ትረካዎች ለኋለኛው ዘመን ፊልም ወሳኝ ሆነዋል። የመጀመሪያው በፕሉታርክ ሥራ ጎልቶ የሚታየው በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ፉክክር ነው። ዳግማዊ ፊልጶስ የተበታተነችውን መቄዶንያን አንድ አድርጎ፣ ሳሪሳ የተባለውን ከአምስት ሜትር የሚበልጥ ረጅም ጦር የሚይዙ እግረኞችን በጥብቅ ሰልፍ አደራጅቶ፣ በ338 ቅ.ል.ክ. በካይሮኒያ የአቴንስንና የቴብስን ጦር ድል የነሣ ንጉሥ ሲሆን፣ ልጁ አባቱ ሁሉን ጨርሶ ለእኔ የሚሠራ ነገር አይተውልኝም እያለ ይሰጋ እንደ ነበር ይተረካል። ሁለተኛው ትረካ አሪያን የመዘገበው የኦፒስ ግብር ነው። በ324 ቅ.ል.ክ. በጤግሮስ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በኦፒስ ያመፁት መቄዶንያውያን ወታደሮች ከንጉሣቸው ጋር ከታረቁ በኋላ፣ 9,000 ያህል ሰዎች እንደታደሙበት የሚነገርለት ታላቅ ግብር ተጥሎ፣ እስክንድር በመቄዶንያውያንና በፋርሳውያን መካከል ስምምነትና የሥልጣን ተካፋይነት እንዲሆን ጸልዮ ነበር።

ከዜና መዋዕሎቹ ጎን ለጎን ደግሞ አፈ ታሪክ አደገ። በካሊስቴንስ ስም በሐሰት የተሰየመው፣ በግብፅዋ እስክንድርያ እንደተጠናቀረ የሚታመነው የግሪክኛ ትረካ ወደ ላቲን፣ ወደ ሱርስትና ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ፣ ከዐረብኛው ደግሞ ወደ ግዕዝ ተመልሶ «ዜና እስክንድር» በሚል ስም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲነበብ ኖሯል። ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1896 ያሳተመው ይህ የግዕዝ ትረካ እስክንድርን እግዚአብሔርን የሚፈራና ንጽሕናን የሚወድ ክርስቲያናዊ ንጉሥ አድርጎ ስለሚያቀርበው፣ ተርጓሚው ከሚኖርበት ማኅበረሰብ እምነት ጋር የሚስማማ እስክንድር እንደሠራ በግልጽ ይታያል። በዚህ አፈ ታሪክ መሠረት የእስክንድር እውነተኛ አባት ፊልጶስ ሳይሆን ወደ መቄዶንያ የተሰደደው አስማተኛ የግብፅ ንጉሥ ነክታኔቦ ሲሆን፣ ይህ ሰው ኮከብ ቆጣሪ መስሎ ወደ ንግሥቲቱ ወደ ኦሎምፒያስ ቀርቦ ነበር ይባላል። እስክንድር የሰው ልጅ ነው ወይስ የአምላክ የሚለው ክርክር በዚህ መንገድ ከቤተ መንግሥት ሐሜት ወደ ዓለም አቀፍ ተረት ተሸጋገረ፤ ነክታኔቦም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በሆሊውድ ፊልም ውስጥ በኦሎምፒያስ አጠገብ የሚቆም ግብፃዊ ጠንቋይ ሆኖ ብቅ ብሏል።

የ1930ዎቹ ሊቅና የ1950ዎቹ ሲኒማ

በ1933 ዊልያም ታርን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ በብሪታንያ አካዳሚ ባሰማው ንግግር፣ እስክንድር የሰው ልጆች ሁሉ ወንድማማች ናቸው የሚለውን አሳብ ካፈለቁት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው ሲል ተከራከረ። ታርን ለዚህ ድምዳሜ ዋና ማስረጃ ያደረገው የኦፒስን ጸሎት ሲሆን፣ አሪያን ስለ መቄዶንያውያንና ስለ ፋርሳውያን ብቻ የጻፈውን ስለ ሰው ዘር ሁሉ እንደተነገረ አድርጎ ተረጎመው። አሳቡን ያስፋፋበት ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1948 ሲታተም፣ ዓለም ከሁለተኛው ጦርነት ፍርስራሽ ገና እየወጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከተቋቋመ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኖት ስለነበር፣ ሕዝቦችን አንድ ለማድረግ የሚጸልየው እስክንድር ለዚያ ትውልድ ጆሮ የሚጥም ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዓመት በ1948 የአሜሪካ የፊልም ኢንዱስትሪ መሠረቱን ያናጋ ውሳኔ ተሰጠበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ፊልም ሠሪም አከፋፋይም የሲኒማ ቤት ባለቤትም ሆነው ገበያውን መቆጣጠራቸው ከሕግ ውጭ ነው ብሎ በመወሰኑ፣ ኩባንያዎቹ ሲኒማ ቤቶቻቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። ቴሌቪዥንም በፍጥነት ተስፋፋ፤ በ1950 ከአሜሪካ ቤቶች ቴሌቪዥን የነበረው ከአሥሩ አንዱ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በ1955 ከአሥሩ ከስድስት በሚበልጡት ውስጥ ይገኝ ነበር። ተመልካች ከቤቱ ሳይወጣ በነጻ የሚያየው ሥዕል ስላገኘ፣ ሆሊውድ በትንሹ መስኮት ፈጽሞ ሊታይ የማይችል ነገር ማቅረብ ግድ ሆነበት።

መልሱ ስፋትና ቀለም ነበር። ፈረንሳዊው ሄንሪ ክሬቲየን በፈለሰፈው መነጽር ላይ የተመሠረተው ሲኒማስኮፕ፣ በሚቀረጽበት ጊዜ ሰፊውን ትዕይንት ከጎንና ከጎን አጥብቦ በተለመደው ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ የሚያሰፍርና በሚታይበት ጊዜ በሌላ መነጽር መልሶ የሚዘረጋ ዘዴ ሲሆን፣ የሸራው ስፋት ከቁመቱ ከሁለት ዕጥፍ ተኩል በላይ እንዲሆን አስችሏል። በዚህ ዘዴ ተሠርቶ በ1953 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም በሮማውያንና በክርስትና ጅማሬ ላይ የሚያተኩረው «ቀሚሱ» ሲሆን፣ መሪ ተዋናዩም ወጣቱ የዌልስ ተወላጅ ሪቻርድ በርተን ነበር። ፊልሙ ብዙ ገንዘብ በማስገኘቱ የጥንቱ ዓለም የሰፊው ሸራ ተፈጥሯዊ ማደሪያ ተደርጎ ተቆጠረ፤ ሠራዊት፣ ቤተ መንግሥትና በረሃ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ሊሞሉት ይችሉ ነበርና።

የሮበርት ሮሰን መንገድ

«ታላቁ እስክንድር»ን የጻፈውም፣ ፕሮዲዩስ ያደረገውም፣ የመራውም ሮበርት ሮሰን ነው። በ1908 በኒው ዮርክ ከሩሲያ ከመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች የተወለደው ሮሰን በድኾች ሰፈር አድጎ፣ በ1930ዎቹ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ፣ በፊልም ጸሐፊነት ወደ ሆሊውድ ገብቶ፣ በ1947 ገንዘብ ስለሚያረክሰው ቦክሰኛ «ሥጋና ነፍስ»ን ዳይሬክት አደረገ። በ1949 ያወጣው «የንጉሡ ሰዎች ሁሉ» ደግሞ ለሕዝብ ቆሜአለሁ ብሎ ተነሥቶ በሥልጣን ስለተበላሸ የአንድ ደቡባዊ የዩናይትድ ስቴትስ ግዛት ፖለቲከኛ የሚተርክ ሲሆን፣ የዓመቱን ምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ትልቅ ነገር የተመኘ ሰው በሚያገኘው ኃይል እንዴት እንደሚበላሽ መመርመር ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የሮሰን ዋና ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያው ወቅት የአሜሪካ ኮንግረስ «ፀረ አሜሪካ ተግባራትን መርማሪ ኮሚቴ» በፊልም ሠሪዎች መካከል ኮሚኒስቶችን ማደን ጀምሮ ነበር። ኮሚቴው የሚጠይቀው የተጠሪውን የራሱን አቋም ብቻ ሳይሆን አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም ጭምር ሲሆን፣ ለመናገር እምቢ ያለ ሰው ስሙ «ጥቁር መዝገብ» በሚባለው፣ አሠሪዎች ተስማምተው ሥራ በሚከለክሉበት ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር። ሮሰን በ1951 ቀርቦ የሌሎችን ስም አልሰጥም በማለቱ ሥራ አጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1953 ተመልሶ ቀርቦ 57 ሰዎችን ኮሚኒስቶች ነበሩ ብሎ ጠራ። ሥራ የመሥራት ፈቃዱ ተመለሰለት፤ ነገር ግን ወዳጆቹን አሳልፎ የሰጠ ሰው የሚል ስም ተከትሎት ቀርቷል። በኃይል ፊት ስለ መቆምና ስለ መሰበር ከማንም ይልቅ የሚያውቅ ይህ ሰው፣ ከምስክርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት የታላቁን ድል አድራጊ ታሪክ መርጦ ሥራውን ሁሉ በራሱ እጅ ይዞ መነሣቱ የፊልሙን ውስጣዊ መንፈስ ለመረዳት የሚረዳ ነጥብ ነው።

ስፔን፣ 1955

ለሮሰን በር የከፈተው ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው ኩባንያ ነው። በ1919 ቻርሊ ቻፕሊንን ጨምሮ በአራት የፊልም ሰዎች የተመሠረተው ይህ ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አመራር ሥር፣ የራሱ ስቱዲዮ ሳይኖረው ለነጻ ፊልም ሠሪዎች ገንዘብ እያቀረበ ሥራቸውን የሚያከፋፍል ድርጅት ሆኖ ነበር። ፊልሙ በ1955 የተቀረጸው ስፔን ውስጥ፣ በአብዛኛው በማድሪድ ዙሪያ ባሉ ተራራማ ቦታዎች ሲሆን፣ ምርጫው ከመልክዓ ምድሩ ሌላ ፖለቲካዊና ኢኮኖሚያዊ ምክንያትም ነበረው። የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት በ1953 ከአሜሪካ ጋር የጦር ሰፈርና የርዳታ ስምምነት ተፈራርሞ ከዓለም ተገልሎ የቆየበትን ጊዜ እያበቃ ስለነበር፣ የሰው ጉልበት ርካሽ በሆነበት በዚያ አገር የስፔን ወታደሮች የመቄዶንያና የፋርስ ተዋጊዎች ሆነው እንዲሰለፉ ማድረግ ተቻለ። በኋላ ዓመታት ስፔን የብዙ ታላላቅ ታሪካዊ ፊልሞች መቅረጫ ስትሆን፣ መንገዱን ከጠረጉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ይኸው የሮሰን ፊልም ነው።

የተዋንያኑ ምርጫ ፊልሙ ወደ ቴአትር ያደላበትን ምክንያት ይገልጻል። በርተን ከዚህ ቀደም በ1953 እና በ1954 በለንደን ኦልድ ቪክ ቴአትር ሐምሌትን ሲጫወት፣ ኦፊሊያ ሆና የተጫወተችው ክሌር ብሉም እና ፖሎኒየስ የነበረው ማይክል ሆርደርን አብረውት ነበሩ፤ በፊልሙ ብሉም ባርሲኔን፣ ሆርደርን ደግሞ የአቴንሱን ተናጋሪ ዴሞስቴንስን ሆነዋል። ሁለት ጊዜ የኦስካር ተሸላሚ የነበረው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ማርች ፊልጶስን፣ ፈረንሳዊቷ ዳንየል ዳርዩ ኦሎምፒያስን፣ ሃሪ አንድሩስ የፋርሱን ንጉሥ ዳርዮስን፣ ፒተር ኩሺንግ ሜምኖንን ተጫውተዋል። ይሁን እንጂ በ1917 የተወለደችው ዳርዩ በ1925 ከተወለደው «ልጇ» ከበርተን የምትበልጠው በስምንት ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ ሠላሳኛ ዓመቱ የተቃረበው በርተንም ወርቃማ ዊግ አጥልቆ የአሥራዎቹን ዕድሜ ልጅ እንዲመስል በመገደዱ፣ ተመልካቹ ገና ከመነሻው እምነቱን በግድ ማዋጣት ነበረበት። ካሜራውን የያዘው «ሦስተኛው ሰው» በተሰኘው ፊልም ኦስካር ያገኘው ሮበርት ክራስከር ሲሆን፣ ራሱ የተወለደው እስክንድር በቆረቆራት በግብፅዋ እስክንድርያ ነው።

አባትና ልጅ

የፊልሙ የመጀመሪያ ግማሽ የሚጀምረው በጦር ሜዳ ሳይሆን በክርክር ነው። በአቴንስ ዴሞስቴንስ እየገሠገሠ ስለሚመጣው የፊልጶስ አደጋ ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፣ ተቃዋሚው አይስኪኔስ ደግሞ ሰላምን ሲደግፍ ይታያል። ከዚያ ወደ መቄዶንያ ተሻግሮ ኦሎምፒያስ የወለደችውን ልጅ አምላክ ነው ስትል፣ ፊልጶስ በጥርጣሬና በኩራት መካከል ሲዋልል ያሳያል። ልጁ አድጎ ከአሪስጣጣሊስ ትምህርት ከተቀበለ በኋላ በአባቱ ጉልበትና በእናቱ ምኞት መካከል ይጨነቃል፤ ሁለቱም ልጁን በሌላው ላይ እንደ መሣሪያ ሊጠቀሙበት ይሻሉና። በዚህ ክፍል ሮሰን የጥንት ምንጮችን በጥንቃቄ ተከትሏል። ከካይሮኒያ ድል በኋላ ፊልጶስ ሰክሮ በሬሳዎች መካከል የሚጨፍርበት ትዕይንት በዲዮዶሮስና በፕሉታርክ ዘገባ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ማርች በዚያ ጭፈራ ውስጥ የግሪኮች ንቀት ዕድሜውን ሙሉ ያቆሰለውን፣ ድል ያደረጋቸው ሰዎች ባላገር አረመኔ ብለው እንደሚጠሩት የሚያውቅ ንጉሥ ቁጣና ሐዘን በአንድ ላይ አሳይቷል።

ፊልጶስ ወጣት ሚስት ባገባበት የሠርግ ግብር ላይ የሙሽራዪቱ ዘመድ አታሎስ ለመቄዶንያ ሕጋዊ ወራሽ ይወለድ ዘንድ እንጸልይ ሲል፣ ይህ አነጋገር እስክንድርን ዲቃላ የሚያሰኝ በመሆኑ ልጁ ጽዋውን ወርውሮበት፣ አባትየው ሰይፍ መዝዞ ሲነሣ በስካሩ ተደናቅፎ መውደቁ በታሪክ የተመዘገበ ነው፤ በፊልሙም ከማይረሱት ትዕይንቶች አንዱ ሆኗል። ከዚያም በ336 ቅ.ል.ክ. ፓውሳንያስ የተባለው የክብር ዘበኛ ፊልጶስን ወግቶ ሲገድል፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩበትን የኦሎምፒያስንና የእስክንድርን የጥፋት ድርሻ ፊልሙ በይፋ ሳይፈርድ በጥርጣሬ ጥላ ሥር ይተወዋል። ዙፋን በአባት ደም ላይ ተረማምዶ የሚወጣበት መወጣጫ ሆኖ የሚታየው በዚህ ክፍል ነው፤ ሮሰን ከ«የንጉሡ ሰዎች ሁሉ» ጀምሮ ያነሣው የኃይል ምርመራ እዚህ ላይ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሷል።

የተጣደፈው ዓለም

ችግሩ የሚጀምረው ፊልጶስ ከሞተ በኋላ ነው። እስክንድር በ334 ቅ.ል.ክ. ወደ እስያ ተሻግሮ በግራኒቆስ ወንዝ ከገጠመው የመጀመሪያ ውጊያ አንሥቶ እስከ ሞቱ ድረስ ያሉት አሥራ አንድ ዓመታት በቀረው ጊዜ ውስጥ መጨናነቅ ስለነበረባቸው፣ የዘመቻው ታሪክ ተሸራረፈ። በ333 ቅ.ል.ክ. በኢሶስና በ331 ቅ.ል.ክ. በጋውጋሜላ ከዳርዮስ ጋር የተደረጉት ሁለት ታላላቅ ውጊያዎች ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ሰባት ወር የፈጀው የጢሮስ ከበባ፣ የእስክንድርያ መመሥረት፣ በሲዋ በረሃ ካህናቱ የአሞን ልጅ ብለው የተቀበሉበት ጉዞ፣ እንዲሁም በ326 ቅ.ል.ክ. ከሕንዱ ንጉሥ ከፖሩስና ከዝሆኖቹ ጋር የተደረገው ውጊያ በወጉ የሚታዩ ትዕይንቶች ሳይሆኑ ቀሩ። ሕንዳዊው ሶህራብ ሞዲ በ1941 በሠራው «ሲካንደር» የተሰኘ ፊልም የፖሩስን ጀግንነት የሥራው እምብርት አድርጎት እንደ ነበር ሲታሰብ፣ የሮሰን ፊልም የተወው ምን ያህል እንደ ነበር ይበልጥ ይገለጣል። የሲዋ መቅረትም በተለይ የሚያሳዝን ነው፤ በመጀመሪያው ግማሽ ኦሎምፒያስ የዘራችው የአምላክነት ጥያቄ ፍሬ የሚያፈራው በዚያ በረሃ ውስጥ ነበርና።

ከመቅረቱ በላይ ደግሞ መዛባቱ ይከብዳል። የሮዱ ተወላጅ ሜምኖን በፋርስ አገልግሎት የግሪክ ቅጥረኞችን ሲመራ ቆይቶ በ333 ቅ.ል.ክ. በምጢሊኒ ከበባ ላይ ታሞ የሞተ አዛዥ ሲሆን፣ ፊልሙ በግራኒቆስ ጦር ሜዳ እንዲወድቅ ያደርገዋል። ሚስቱ ባርሲኔ ወደ እስክንድር እጅ የገባችው ከኢሶስ ውጊያ በኋላ ሆኖ ሳለ፣ ፊልሙ የሁለቱን ፍቅር ከዘመቻው በፊት አስጀምሮታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ሮክሳና የተደረገው ለውጥ ነው። በታሪክ ሮክሳና በመካከለኛው እስያ የኦክሲያርቴስ የተባለ መኰንን ልጅ ስትሆን እስክንድር በ327 ቅ.ል.ክ. አግብቷታል፤ የዳርዮስ ልጅ ስታቲራን ያገባው ደግሞ በ324 ቅ.ል.ክ. በሱሳ በርካታ የመቄዶንያ አዛዦች ፋርሳውያት ሚስቶችን ባገቡበት የጅምላ ሠርግ ነው። ፊልሙ ሁለቱን ሴቶች አንድ አድርጎ ሮክሳናን የዳርዮስ ልጅ አደረጋት፤ በዚህም ጋብቻው የምሥራቅና የምዕራብ ዕርቅ ምልክት ሆኖ ታሪኩን እንዲዘጋ ተፈለገ። የሱሳ ሠርግና የኦፒስ ጸሎት በአንድ መድረክ ተጣምረው፣ እስክንድር ሕዝቦች ሁሉ አንድ እንዲሆኑ ሲመኝ ታመመና ሞተ። ይህ መደምደሚያ በቃልም በመንፈስም የታርን እስክንድር ነው።

ሁለቱ ግማሾች የማይገጣጠሙትም በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ኃይል በቅናት፣ በደምና በቤተሰብ ቂም የሚሠራ ነገር መሆኑን ያስተማረ ፊልም፣ በሁለተኛው መጨረሻ ያ ኃይል በአንድ ጸሎት ነጽቷል ብሎ ተመልካቹ እንዲያምን ይጠይቃል። በመካከላቸው ድልድይ ሊሆን የሚችል አንድ ትዕይንት ግን አለ። በግራኒቆስ ሕይወቱን ያዳነለትን ወዳጁን ክሌይቶስን እስክንድር በ328 ቅ.ል.ክ. በመጠጥ ግብር ላይ በንዴት በጦር ወግቶ የገደለበት ታሪክ በፊልሙ ተካትቷል፤ በአታሎስ ላይ ጽዋ የወረወረው ልጅና በክሌይቶስ ላይ ጦር የወረወረው ንጉሥ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ልጅየው አባቱን ሊበልጥ ሲሮጥ በአባቱ ስካርና ቁጣ ውስጥ ራሱን እንዳገኘ ይገለጣል። ሮሰን እስከ ፍጻሜው ሊከተለው የሚገባው ክር ይህ ነበር።

ከ1956 በኋላ

ሮሰን መጀመሪያ ያዘጋጀው ፊልም ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ እንደ ነበር ይነገራል፤ በመጋቢት 1956 ለሕዝብ የቀረበው ግን 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነበር። መቆረጡ የበለጠ የጎዳው አስቀድሞም የተጣደፈውን ሁለተኛውን ግማሽ ይመስላል። በዚያው ዓመት በሮበርት ዋይዝ የተሠራው «የትሮይቷ ሄለን» እና የሴሲል ዴሚል «አሥርቱ ትእዛዛት» በየተራ ወጥተው ስለነበር ተመልካቹ ከአንድ በላይ የጥንት ዓለም ቀረበለት፤ የንግግርና የአሳብ ክብደት የበዛበት የሮሰን ሥራም የዴሚል ተአምራት የሳቡትን ሕዝብ ሊስብ አልቻለም። በርተን ራሱም ስለ መቆራረጡ እያነሣ በፊልሙ ቅር መሰኘቱን ገልጿል።

ፊልሙ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1957 የመቄዶንያ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በፔላ ስልታዊ የመሬት ቁፋሮ ተጀምሮ፣ የአንበሳ አደንን የሚያሳዩትን ጨምሮ ከወንዝ ጠጠር የተሠሩ ድንቅ የወለል ሥዕሎች ወጡ፤ የሮሰን ድንጋያማ ምሽግ የመሰለችው መቄዶንያ የተሠራችው እንግዲህ የመቄዶንያ ምድር ራሷ ከመናገሯ በፊት ነበር። በ1958 ደግሞ ኤርንስት ባድያን የተባለው የታሪክ ምሁር ባሳተመው ጽሑፍ የታርንን ማስረጃ አንድ በአንድ መርምሮ፣ የኦፒስ ጸሎት ስለ ሰው ዘር ሁሉ አንድነት እንዳልተናገረና ግብሩም ያመፀ ሠራዊትን የማስታረቅ ፖለቲካዊ ሥራ እንደ ነበር በማሳየቱ፣ ባለ ራእዩ እስክንድር በምሁራን ዘንድ መሠረቱን አጣ። ፊልሙ በመሆኑም ታርን ያነጸው ምስል ሊፈርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው በሸራ ላይ የተቀመጠ የመጨረሻው ታላቅ መታሰቢያው ሆነ ማለት ይቻላል።

ሮሰን በ1961 በቢሊያርድ ቁማርተኞች ሕይወት ላይ «ዘ ኸስለር» የተሰኘውን ምርጥ ሥራውን ሠርቶ፣ በ1966 በ57 ዓመቱ ሞተ። በ1977 ግሪካዊው የመሬት ቁፋሮ ሊቅ ማኖሊስ አንድሮኒቆስ በቬርጊና የመቄዶንያ ንጉሣውያን መቃብሮችን ሲያገኝ፣ በየትኛው መቃብር እንደተቀበረ ክርክሩ ቢቀጥልም ፊልጶስ በዓለም ዐይን ፊት እንደገና ተነሣ፤ የተገደለበት ቴአትርም በ1982 እዚያው ተገኘ። በሳይንሱም በሲኒማውም ዘንድ የልጁን ታሪክ ለመረዳት አባቱን ማወቅ ግድ እንደሆነ ግልጽ እየሆነ ሄደ። ኦሊቨር ስቶን በ2004 «አሌክሳንደር» ብሎ የራሱን ፊልም ሲያወጣ ሮሰን የዘለለውን የሕንድ ውጊያ ቢያሳይም፣ የፊልጶስን ግድያ ከቦታው አንሥቶ ወደ ኋላ በሚመለስ ትዝታ ውስጥ አስቀመጠው፤ ከዚያም እስከ 2014 ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ቆራርጦ በማቀናበር አራት የተለያዩ ፊልሞች አወጣ። ሮሰን አንድ ጊዜ ብቻ የተፈተነበትን የቅርጽ ችግር ስቶን አሥር ዓመት ሙሉ ሲታገለው መኖሩ፣ ችግሩ በከፊል ከርእሱ ራሱ የሚመነጭ መሆኑን ያረጋግጣል።

ይህ ሁሉ ሲታሰብ የ1956ቱን ፊልም ዛሬ መልሶ ማየት ፍርዱን ማቅለልም ማክበድም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለቱን ግማሾች ለያይቶ መመዘን ነው። በፊልሙ መጨረሻ ሕዝቦችን አንድ ሊያደርግ የሚጸልየው እስክንድር፣ የግዕዙ ተርጓሚ በራሱ ዘመን እንደሣለው ጻድቅ ንጉሥ ሁሉ፣ ከጦርነት የወጣ ትውልድ ለራሱ የፈጠረው የምኞት ልጅ ነው፤ ምኞቱ የሚከበር ቢሆንም ታሪክ አልደገፈውም። በፔላ ግብር ቤት ጽዋ የወረወረው እስክንድር ግን በጥንት ምንጮች የተመሰከረለት፣ በማርችና በበርተን ትወና ሥጋ የለበሰ፣ በኃይል ፊት ምን እንደሚጠፋ በራሱ ሕይወት ያየ ሰው የጻፈው ሰው ነው። ባድያን የጸሎቱን ትርጓሜ አፈረሰ፤ የቬርጊና አፈር ደግሞ የአባትየውን ቁመና አጎላ። ስልሳና ሰባ ዓመት የተሻገረውም የፊልሙ ክፍል፣ ፊልጶስ በካይሮኒያ ሬሳዎች መካከል ሲጨፍርና ልጁ በዝምታ ቆሞ ሲያየው፣ ያ ጭፈራ አንድ ቀን የእርሱ እንደሚሆን ተመልካቹ ቀድሞ የሚያውቅበት ክፍል ነው።